ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ ራሽን ግቢ

ዛሬ የምወስዳችሁ ሩቅ አይደለም። ካኩማ አንድ ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ሰፈር ተነስታ፣ በቤተ ክርስቲያናችን በር አልፋ፣ ራሽን እስከሚታደልበት ግቢ በምትደርሰው መንገድ ነው የምንሄደው። ሁላችሁም በእግራችሁ ታውቋታላችሁ፤ ቆም ብሎ ያያት ግን ጥቂት ነው።

ለአዲስ ገቢዎች ያህል፣ ካምፑ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ቀድመው የገቡት የሱዳንን ጦርነት ሸሽተው፣ ኢትዮጵያ ቆይተው፣ እንደገና በእግራቸው የተሰደዱ ልጆች ነበሩ። በ1991 በአገራችን መንግሥት ሲለወጥ ከወጡት ወገኖቻችንም ብዙዎቹ እዚሁ ሰፈሩ። አገሩ የቱርካናዎች ነው። ታራች የሚባለው ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ዝናብ ሲመጣ ግን በአንድ ሌሊት ሞልቶ የጭቃ ቤት ይዞ ይሄዳል። ዝናብ ለምነን ዝናብ የምንፈራ ሰዎች ነን ማለት ነው።

እሑድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መንገዷ ነጭ ናት። ነጠላ የለበሱ እናቶች የቧንቧውን ጭቃ እየዞሩ ወደ ቅዳሴ ይሄዳሉ። ረፈድ ሲል በአንድ በኩል የኮንጎዎቹ መዘምራን፣ በሌላ በኩል የደቡብ ሱዳኖቹ ከበሮ ይሰማል፤ የኛም ጴንጤ ወንድሞች ከቆርቆሮ አዳራሻቸው ይዘምራሉ። በዚያች ሰዓት ካኩማን ያየ እንግዳ ሰው ሁሉ እዚህ ጻድቅ ነው ብሎ ሊሄድ ይችላል።

ሰኞ ቧንቧው ጋ ይምጣ! ጀሪካኖቹ ተሰልፈዋል፣ ባለቤቶቹ ጥላ ሥር ናቸው። «እንዴት አደርክ» ሲባል «ምን አዳር አለ» ነው መልሱ። ውሃው ቀጠነ፣ ኬዜ ተረሳ፣ እነ እገሌ በወር ሄዱ እኔ ስንት ዓመቴ፣ የማገዶ ዋጋ ናረ፣ ቱርካናዎቹ እንዲህ ሆኑ። እሑድ «ተመስገን» ያለው አፍ ነው ይህን የሚለው። እንደኔ እንደኔ የእምነታችን ፈተና የሚታረመው ቅዳሴው ላይ ሳይሆን ቧንቧው ጋ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2025 ራሽኑ ክፉኛ ሲቀነስ፣ ቀጥሎም ቤተሰብ ሁሉ በችግሩ መጠን በደረጃ ሲከፈል፣ ንግግራችን ሁለት መልክ ያዘ። አንዳንዱ ጧት ማታ ማማረር ሆነ ሥራው። ሌላው ደግሞ «ክርስቲያን አያጉረመርምም» ብሎ አፉን ዘጋ፤ የሌላውንም አፍ አዘጋ። በበኩሌ ሁለተኛው የበለጠ ያሳስበኛል፣ የመንፈሳዊነት ልብስ ለብሷልና።

የቋንቋ አስተማሪ ነኝና አንድ ነገር ልበል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ቃሉ «ማንጎራጎር» ነው። ዛሬ ማንጎራጎር ስንል ዘፈን ነገር ለራስ ለስለስ አድርጎ ማለት ነው የሚታየን። ነገሩ ግን አይራራቅም። የሚያንጎራጉር ሰው አድማጭ አይፈልግም፤ ያንኑ ዜማ እየደጋገመ ይውላል። «አቤቱታ» ግን አቤት የሚባልለት ሰው አለው። ዳዊት የሚደግሙ እናቶቻችንም ጸሎታቸውን «አቤቱ» ብለው ሲጀምሩ ትሰማላችሁ።

በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 ሕዝቡ በየድንኳኑ ደጃፍ ቆሞ የግብጽን ዓሣና ዱባ፣ ሽንኩርት እያስታወሰ ሲያለቅስ እግዚአብሔር ተቆጣ። እዚያው ምዕራፍ ላይ ሙሴም ይህን ሕዝብ ብቻዬን መሸከም አልችልም፣ ግደለኝ እስከማለት ደርሷል። ሙሴ ግን የተናገረው ፊት ለፊት፣ ለሚመለከተው ነው፤ መልሱም 70 ሽማግሌዎች አብረውት እንዲሸከሙ ሆነ።

ከብሎካችን አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን መጥራት አልፈልግም። ከቅዳሴ በፊት የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ የሚጠርጉት እሳቸው ናቸው። በየወሩ በ17 የእስጢፋኖስን ዝክር ያወጣሉ፤ ድሮ ዳቦ ነበር፣ አሁን ቆሎና አንድ ስኒ ቡና ነው። የማገዶ እንጨት ተሸክመው በቆሎ ሊለውጡ የሚመጡትን የቱርካና ሴቶች ከሩቅ አይመልሱም፤ «የኛ ራሽን ሲቀነስ የነሱም ጉሮሮ ነው የተዘጋው» ይላሉ። ሦስት የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ። ደረጃው ሲወጣ ቤታቸው ምግብ ከማይሰጠው ክፍል ተመድቦ ተገኘ።

«ይተዉት እማማ፣ እግዜር ያውቃል» ያላቸው ብዙ ነው። እሳቸውም ተዉት።

እኔ ሄጄ «እማማ፣ አቤት ይበሉ እንጂ» ብላቸው «አቤትማ በየቀኑ እላለሁ ልጄ፤ ለማን እንደምል ግን አውቃለሁ» አሉኝ። መልስ የሚያሳጣ ነገር ነው። ያን ጊዜ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን አነሳሁላቸው። ኢየሩሳሌም ውስጥ በየዕለቱ ምግብ ይታደል ነበር፤ ግሪክኛ ከሚናገሩት ወገን የሆኑት መበለቶች ግን ይዘለሉ ነበር። ማንጎራጎር ተነሳ። ሐዋርያቱ ታዲያ «ዝም በሉ፣ ክርስቲያን አይደላችሁም ወይ» አላሉም። ሕዝቡን ሰብስበው መልካም ስም ያላቸውን ሰባት ሰዎች አስመረጡ፤ ከሰባቱ አንዱ እስጢፋኖስ ነው።

«እስጢፋኖስ ራሽን አዳይ ነበር?» ብለው ሳቁ። ዝክሩን ስንት ዓመት ሲያወጡ ይህን ማንም አልነገራቸውም። ሊቀ ዲያቆናት ሲባል ጽናና መስቀል ብቻ ነው የሚታየን።

በነጋታው አብረን ወጣን። ራሽን ግቢው በር ላይ ጎረምሶች አንዱን መዝጋቢ ከበው ይሰድቡታል። ልጁ ራሱ ስደተኛ ነው፣ የሚከፈለው ትንሽ አበል ነው፣ ዝርዝሩንም እሱ አላወጣውም። እማማ መሐል ገብተው «ውሃ ጠጥተሃል ዛሬ?» አሉት። ከዚያ ወረቀታቸውን ሰጡት፤ ተቀብሎ ለአለቃው አስገባላቸው። በዚህ ሳምንት ከብሎካችን 11 ማመልከቻ ገብቷል። ሁለቱ እንደገና እንደሚታዩ ተነግሯል። የእማማ መልስ ይህ ጽሑፍ እስከ ተዘጋጀበት ድረስ አልመጣም፤ ባለፈው እሑድም ግቢው ተጠርጎ ነው ያገኘነው። ለልጅ ልጆቻቸው ምሳ ጎረቤቱ በተራ ይዟል፣ ሐሙስና ዓርብ ግን ገና ሰው አልተገኘላቸውም።

ማመልከቻ የሚጻፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት ለፊት ካለው የኒም ዛፍ ሥር ነው። እንግሊዝኛና ስዋሂሊ የሚጽፉ ሁለት ወጣቶች አሉ። የምዝገባ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ። እስክሪብቶ ያለው ሰው ቢጨምርልን ደግሞ ደስ ይለናል፤ የኛ አልቋል።