ሹም ሽር በመስታወት ላይ

አፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መናገሻ አድርገው ከቆረቆሯት ወዲህ፣ በግንቡ ግቢ የነገሠ ሁሉ በገዛ እጁ በር እንደማይከፍትና ውሃ እንደማይቀዳ፣ ይልቁንም ለደጁ አጋፋሪ፣ ለእልፍኙ አስከልካይ፣ ለጠጁ አሳላፊ ሾሞ በቃሉ ብቻ ያሠራ እንደነበረ ስንሰማ ያደግን የከተማዪቱ ልጆች፣ የእህቴ ልጅ ‹‹ቤቱን የማዝዝበት ስክሪን ግድግዳው ላይ ልገጥም ነው›› ብሎ ሲነሣ ልንደነቅ ባልተገባን ነበር።

ልጁ የሳሎኑን ብሎኬት በመሮ ፈልፍሎ በጣት ሲነኩት የሚታዘዝ 7 ኢንች ስክሪን ራስበሪ ፓይ ከምትባል ትንሽ ኮምፒዩተር ጋር አቆራኝቶ ከተተበት፤ እንዳይታፈንም ከበታቹ የአየር ቀዳዳ ትቶ ጠርዙን በጄሶ ደፈነ። ከጀርባው የወጣው ሽቦ ኤሌክትሪኩን ወደሚያገናኙትና ወደሚያቋርጡት ሪሌዎች፣ ከሪሌዎቹም ወደ ደጁ መብራትና ወደ ሮቶው ፓምፕ ይሄዳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ዋናው ቁም ነገር ፓምፑ ነው፤ የቀረው ለጌጥ ነው።

የዚህን መስታወት ሐረገ ትውልድ ብመረምር፣ ኢ. ኤ. ጆንሰን የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1965 በማልቨርን የራዳር ምርምር ተቋም ሳለ ለአየር በረራ ተቆጣጣሪዎች እንዲሆን ያሰበው ነገር ሆኖ አገኘሁት። ከዚያም በ1973 ጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው የቅንጣት ምርምር ተቋም በሰርን፣ ፍራንክ ቤክና ዴንማርካዊው ቤንት ስቱምፔ፣ ዙሪያው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚሆነው የቅንጣት ማፍጠኛ መቆጣጠሪያ ክፍል ሲያሰናዱ፣ ለእያንዳንዱ ተግባር አንድ ቁልፍ እንትከል ቢሉ ግድግዳ እንደማይበቃቸው ተረድተው፣ ቁጥራቸው የተወሰነ፣ ስማቸውና ግብራቸው ግን በኮምፒዩተር ትእዛዝ የሚለዋወጥ ቁልፎችን በመስታወት ላይ አኖሩ። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። ፈረንጆቹ ዕፁብ ያሉት ጥበብ የእኛው ሹም ሽር አይደለምን? ዛሬ የደጅ ሹም የነበረው ነገ የውሃ ሹም ይሆናል፤ ካባ አልብሱኝ፣ ጉልት ስጡኝ አይል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሲሻር አይሸፍትም።

ስለዚህ ልጁን ለምኜ ቁልፎቹን በማዕርግ አስጠራኋቸው፤ የደጁ መብራት ‹‹አጋፋሪ››፣ ፓምፑ ‹‹ውሃ ቀጂ›› ተባሉ። እህቴ ማዕርጉን ወደደችው፤ ያልወደደችው፣ ሊጥ የነካ ጣቷን ስታሳርፍበት መስታወቱ በርጥበቱ ተሳስቶ ውሃ ቀጂውን ስትጠራው አጋፋሪውን ማስነሣቱን ነው።

ባለፈው እንጀራ ልትጋግር ስትል፣

‹‹አንተ ልጅ፣ ለምጣዱም አንድ ሹም አድርግልኝ እንጂ!›› አለችው።

‹‹እማዬ፣ ምጣዱ 3500 ዋት ነው፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። ይቺ ሪሌ የምትችለው 10 ነው፤ ትቃጠላለች።››

‹‹እንግዲያው ምጣዱ ገና አልገበረላችሁም በለኛ!›› ብላ የግድግዳውን ማብሪያ በገዛ እጇ ጫን አደረገችው።