ከቼናይ ለእማዬ፦ ስለ ሚኪ ጉልበት

ውድ እማዬ፣ አባዬ፣ ቤት ያላችሁ ሁሉ፤

የሚኪ ቀዶ ሕክምና በሰላም አልቆ፣ ሆስፒታሉ አጠገብ ካለ የእንግዳ ማረፊያ ገብተናል። የቼናይ ሙቀት የባሕር ዳርን ግንቦት ያስመሰግናል፤ ከባሕሩ የሚነሳው ወበቅ ሌሊትም ፋታ አይሰጥም። የማረፊያው እመቤት ጠዋት ጠዋት ደጃፏን ጠርጋ በነጭ ዱቄት ሐረግ ትስልበታለች፤ ኮላም ይሉታል። ሚኪ በክራንቹ እንዳያበላሽባት ዳር ዳሩን ነው የሚያልፈው።

እማዬ፣ በስልክ እግሩን ስታዪ «ይሄ ሁሉ ብረት ምንድን ነው?» ብለሽ ድምፅሽ ሲንቀጠቀጥ ሰምቻለሁ። ብሬስ ይባላል፤ ከላይ የሚታሰር ነው፣ አይዞሽ። ከጭኑ እስከ ባቱ ግራና ቀኝ የሚወርዱ ሁለት ዘንጎች አሉት፤ ጉልበቱ ጋ እንደ በር ማጠፊያ ይታጠፋሉ። ማጠፊያው ላይ ቁጥር አለ። 0 ላይ ሲቆለፍ እግሩ ቀጥ ብሎ ይቆያል፤ 90 ላይ ሲደረግ ወንበር ላይ ለመቀመጥ የሚበቃውን ያህል ይታጠፋል። የተበጠሰውን ጅማት የተኩለት ከገዛ ጭኑ ጀርባ በወሰዱት ጅማት ነው። በአጥንቶቹ መሃል ያለው ሜኒስከስም ስለተሰፋ፣ ለጊዜው ከ90 በላይ እንዳይታጠፍ ሐኪሙ አጥብቆ ከልክሏል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ደግሞ የፊት ጭኑ ጡንቻ አልታዘዝ ይላል። ሲራመድ ጉልበቱ እንዳይከዳው ብሬሱ የሚቆለፈው ለዚህ ነው።

አስተሳሰሩን ያስተማረችን ፊዚዮቴራፒስት ፀጉሯ ላይ የጃስሚን አበባ የሰካች ወጣት ናት። ራሷ አስራ አሳየችን፤ ፈትታም ለእኔ ሰጠችኝ፤ እስኪዋጣልኝ ድረስ አለቀቀችኝም። እግሩ ቀጥ ይላል፣ የማጠፊያው መሃል ከጉልበቱ ሎሚ ጎን ለጎን ይውላል። መጀመሪያ የሚታሰረው ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ ባቱ ላይ ያለው ማሰሪያ ነው፤ ብሬሱን ወደ ታች እንዳይንሸራተት የሚይዘው እሱ ነው። ከዚያ የታችኛው፣ ከዚያ የጭኑ። ከተንሸራተተ ማጠፊያው ከጉልበቱ በታች ይውልና ጉልበቱ ወደ አንድ ወገን፣ ብረቱ ወደ ሌላ ይጎትታሉ። በማሰሪያውና በእግሩ መሃል ሁለት ጣት መግባት አለበት። ከጉልበት ወረድ ብሎ በውጭ በኩል፣ ልክ ከቆዳው ሥር፣ አጥንት ታኮ የሚያልፍ ነርቭ አለ። እሱ ከታፈነ የእግሩ ገጽ ይደነዝዛል፣ አውራ ጣቱም ወደ ላይ አልነሳ ይላል። ስለዚህ ማታ ማታ «ጣትህን ወደ ላይ ሳብ» እለዋለሁ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

ደረጃ እንዲለማመድ ሲፈቀድለት እዚሁ ቼናይ ውስጥ ያለው ሚላፖር ወስጄው ነበር፤ ሐዋርያው ቶማስ ተቀብሮበታል ተብሎ የሚታመነው ቦታ ላይ የተሠራው ትልቅ ነጭ ቤተ ክርስቲያን እዚያ ነው። መቃብሩ ከምድር በታች ስለሆነ በደረጃ ይወረዳል። ሲወርድ የታመመውን እግር ከክራንቹ ጋር ያስቀድማል፣ ሲወጣ ጤነኛውን። ታች ሲደርስ ስምሽን ጠርቶ ጸለየልሽ። እማዬ፣ ያን ጊዜ አንቺ አጠገባችን ብትኖሪ ብዬ ተመኘሁ።

አሁን የምለምንሽን ስሚኝ። ቤት ስንገባ ጠያቂው እንደሚበዛ አውቃለሁ። አንዱ «ፍቺለት፣ ይተንፍስ» ይላል፤ ሌላው ወጌሻ ይጥራለት፣ በቅቤ ይታሽ ይላል። ሁሉም ከፍቅር ነው፤ ግን እግሩ አይታሽ። ከእንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና በኋላ ባት ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል፣ የረጋው ተነቅሎ ሳንባ ከደረሰ ሕይወት ይወስዳል። ባቱ ካበጠና ካመመው፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ደረቱን ከወጋው ነገ አትበሉ፣ ሆስፒታል ውሰዱት። ትኩሳት ቢይዘው ወይም ቁስሉ ፈሳሽ ቢያወጣም እንዲሁ። አንቺ ደግሞ አዝነሽለት ከጉልበቱ ሥር ትራስ እንዳታደርጊ፤ ጎብጦ ይለምድና በኋላ መዘርጋት ጭንቅ ይሆናል። ትራሱ ከተረከዙ ሥር ይሁን። ሌሊትም ብሬሱ እንደተቆለፈ ነው የሚተኛው።

የእኛ ሙቀት ቆዳውን እንዳያቆስለው ከሥር ስስ የጥጥ ጨርቅ ይለብሳል። ቅባትም ሆነ ቫዝሊን አይቀባም፤ ቆዳውን ያለሰልሰዋል፣ ብሬሱንም ያንሸራትታል። ሲፈታ ቀይ ምልክት ብታዪ አትደንግጪ፤ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ካልጠፋ ግን ማሰሪያው አላግባብ እየተጫነው ነው። የውስጡ ስፖንጅ እየተነቀለ በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና በእጅ ይታጠባል፤ ሳይጠመዘዝ በፎጣ ተጨምቆ ጥላ ላይ ይሰጣል። ማሰሪያዎቹ ሳይታጠቡ በፊት ተጣብቀው ይዘጉ፣ አለዚያ ክርና ፀጉር ይሰበስቡና መያዝ ይተዋሉ። ብረቱን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ስፖንጁ እስኪደርቅ ሚኪ እግሩን ዘርግቶ አልጋው ላይ ይቆያል፤ ሐኪሙ ይህን ፈቅዶለታል።

አባዬ፣ የኳሱን ነገር ላንተ ትቼዋለሁ፤ የሚሰማው አንተን ነው። ሕመሙ ሲተወው የዳነ ይመስለዋል፣ የተተከለው ጅማት ግን ገና ከአካሉ ጋር እየተዋሐደ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ወራት እንዲያውም ይደክማል። ከ9 ወር በፊት ሜዳ አይገባም፤ ያኔም ጡንቻው ተፈትኖ ነው።

ሐኪሙ እንድንበር ፈቅዶልናል። እግሩን የሚዘረጋበት መቀመጫና ቦሌ ላይ ተሽከርካሪ ወንበር ጠይቀናል። እናንተ ዱካውን አንሱና ከፍ ያለ ባለመደገፊያ ወንበር አዘጋጁለት። ቁጢጥ ማለት ስለማይችል የሽንት ቤቱንም ነገር አስቡበት። ሳሎን ያለው ምንጣፍ ክራንች ያደናቅፋልና ይጠቅለል። ከአየር ማረፊያ ለሚቀበለን መኪና ደግሞ የኋላውን ወንበር ባዶ አድርጉልን፣ እግሩን አጋድሞ ይቀመጥበታል።

ልጅሽ