ኮምቢ፣ ናፍጣ፣ ኦቶማቲክ፦ ለቤተሰብ መኪና ከመፈረማችሁ በፊት

ጀርመን አገር በምንኖር ሐበሾች ዘንድ ልጅ ሲወለድ ሁለት ጥያቄ ይነሣል። አንደኛው ክርስትናው መቼ ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው የመኪና ጥያቄ ነው። ሦስተኛ ልጅ ከመጣማ ሁለተኛው ጥያቄ ይቀድማል።

በዚህ ዓመት ብቻ አራት ሰዎች ምን እንግዛ ብለው ጠይቀውኛል። ለአራቱም መልሴ አንድ ነበር፦ "በዓመት ብዙ ኪሎሜትር የምትነዳ ከሆነ ያገለገለ ኮምቢ፣ ናፍጣ፣ ኦቶማቲክ ግዛ።" የሦስቱ ምላሽም አንድ ነበር፦ ሳቅ። "ወንድሜ፣ ኮምቢ እኮ የቀለም ቀቢ መኪና ነው፤ ሰው ምን ይለኛል?" አሉኝ። ሁለቱ ሄደው ከፍ ያለ መኪና በሰባት ዓመት ብድር ወሰዱ። መብታቸው ነው። ግን "ሰው ምን ይለኛል" የምትለው ነገር በወር ስንት ዩሮ እንደምታስከፍል ቁጭ ብሎ ያሰላ ሰው አላየሁም። ዛሬ እናስላት።

እኔ የምነዳው የ2016 ሽኮዳ ኦክታቪያ ኮምቢ ነው። ሞተሩ 2.0 ቲዲአይ፣ 150 የፈረስ ጉልበት፤ ካምቢዮው ባለ 6 ማርሽ ዲኤስጂ። የምናገረው የማውቀውን መኪና ስለሆነ ነው እንጂ ማንም ከፍሎኝ አይደለም። በሌላ ፋብሪካ ኮምቢም ቢሆን ነገሩ ብዙ አይለይም።

ሒሳቡ

የምኖረው ሄሰን ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ ነው። የምሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ቤት 48 ኪሎሜትር ይርቃል፤ የማታ ተራ ሲደርሰኝ ባቡር የለም። ደርሶ መልስ 96 ኪሎሜትር፣ በዓመት 220 ቀን፣ ወደ 21 ሺህ ኪሎሜትር ይመጣል።

ጀርመን ናፍጣን በአንድ እጇ ትሰጣለች፣ በሌላው ትቀበላለች። በሊትር የሚከፈለው የኃይል ታክስ ለቤንዚን 65.45 ሳንቲም፣ ለናፍጣ 47.04 ሳንቲም ነው። በዓመታዊው የመኪና ግብር ላይ ግን ይገለበጣል፦ ለእያንዳንዱ 100 ሲሲ ናፍጣ 9.50 ዩሮ፣ ቤንዚን 2 ዩሮ። የእኔ ሞተር 1968 ሲሲ ነው፤ ወደ 20 መቶዎች ተጠግቶ 190 ዩሮ ይሆናል። ተመሳሳይ ጉልበት ያለው 1.4 ሊትር የቤንዚን ሞተር 28 ዩሮ ብቻ ነው። በሁለቱም ላይ የካርቦን ድርሻ ይጨመራል። ስለዚህ የናፍጣ ሰው ዓመቱን የሚጀምረው 162 ዩሮ ከኋላ ሆኖ ነው።

አሁን መንገዱ ላይ እንውጣ። የነዳጅ ዋጋ በየሰዓቱ ይለዋወጣል፤ ለስሌት ያህል ናፍጣን 1.65፣ ቤንዚንን 1.75 ዩሮ እንበል። የእኔ መኪና በሥራ መንገዴ በ100 ኪሎሜትር 5.2 ሊትር ይጠጣል፤ ቤንዚኑን 6.8 እንስጠው። ናፍጣው 8.58 ዩሮ፣ ቤንዚኑ 11.90 ዩሮ። ልዩነቱ 3.32 ነው። ያ የ162 ዩሮ ዕዳ 4,900 ኪሎሜትር ገደማ ላይ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ያለው ትርፍ ነው። በ21 ሺህ ኪሎሜትር ግብሩ ተቀንሶ 535 ዩሮ ይተርፋል፤ በወር ወደ 45 ዩሮ።

"45 ዩሮ ምን አላት?" የሚል አይጠፋም። ደሴ ያለችው እናቴ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት በየወሩ ትገዛለች። ያቺ 45 ዩሮ የምትሄደው እዚያ ነው።

ወደ ብድሩ እንምጣ። 30 ሺህ ዩሮ በ84 ወር ሲካፈል ወለዱን ሳይጨምር 357 ዩሮ ነው። 14 ሺህ ዩሮ የሆነ ያገለገለ ኮምቢ በዚያው ስሌት 167። ልዩነቱ 190 ዩሮ። "ሰው ምን ይለኛል" ማለት እንግዲህ በወር 190 ዩሮ ነው፤ ለሰባት ዓመት።

ቦታው

ይህ ኮምቢ ርዝመቱ 4.66 ሜትር ገደማ ነው። የኋላ ዕቃ መጫኛው 610 ሊትር፣ ወንበሩ ሲታጠፍ 1740 ሊትር ይይዛል። በእኛ ኑሮ ልተርጉመው፦ የሕፃን ጋሪ፣ ሁለት ትልልቅ ድስት፣ ምጣድ፣ አንድ ከረጢት ጤፍ፣ የልጆች ብስክሌት። ክርስትና ሲኖር የሳቁብኝ ሰዎች ሳይቀሩ የሚደውሉት ለእኔ ነው።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። ዝቅ ያለ ነው። አማቴ ለሦስት ወር መጥተው ሳሉ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከመኪናው ለመውጣት ክንዴን ይይዙ ነበር። ቤታችሁ ውስጥ ዘወትር የሚጓዝ አዛውንት ካለ ከፍ ያለ መኪና መምረጥ ጉራ አይባልም። ሦስት የልጅ ወንበር ጎን ለጎን መደርደርም ቀላል አይደለም። ሕጉ ልጁ 12 ዓመት እስኪሞላው ወይም ቁመቱ 150 ሴንቲሜትር እስኪደርስ ወንበር ይጠይቃል። ስለዚህ ሻጩ ጋ ስትሄዱ ወንበሮቹን ይዛችሁ ሂዱና ግጠሙ።

ሞተሩ

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ አያቀጣጥለውም። አየሩን አጥብቆ ጨምቆ ያግለዋል፤ የተረጨው ናፍጣ በዚያ ግለት ይነሣል። ቁጠባውም ከዚህ ጭመቃ ይመጣል፤ ቱርቦው ሲታከልበት ደግሞ በዝቅተኛ ዙር ኃይለኛ ጉልበት ይሰጣል። የእኔው ዓይነት ሞተር እንደ ዓመቱ 320 ወይም 340 ኒውተን ሜትር አለው፤ ከ1750 ዙር ጀምሮ። 1.4 ሊትሩ ቤንዚን 250 ነው። አምስት ሰውና ሙሉ ሻንጣ ይዛችሁ የካሰልን ዳገት ስትወጡ ልዩነቱ ይገባችኋል፤ ሞተሩ ሳይጮህ ይወጣል።

ካምቢዮው

ብዙ ገንዘብ የሚቀልጠው እዚህ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። "ኦቶማቲክ" ሁሉ አንድ አይደለም።

አንደኛው ዓይነት ጉልበቱን በዘይት ግፊት የሚያስተላልፈው የቆየው ኦቶማቲክ ነው፤ በመርሴዲስና በቢኤምደብልዩ ትልልቅ ኮምቢዎች ላይ የምታገኙት። ሁለተኛው ዲኤስጂ ነው። በ2003 በጎልፍ ላይ የጀመረው ይህ ካምቢዮ በውስጡ ሁለት ፍሪሲዮን አለው። አንዱ 1፣ 3፣ 5ን፣ ሌላው 2፣ 4፣ 6ን ይይዛል። በሦስት ስትሄዱ አራት ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ አንዱ ሲለቅ ሌላው ይይዛል። መቀያየሩ የማይሰማው ለዚህ ነው።

ዲኤስጂም ራሱ ሁለት ነው። ባለ 6 ማርሹ ፍሪሲዮን በዘይት ውስጥ ይነከራል፤ ዘይቱና ፊልትሮው በየ60 ሺህ ኪሎሜትሩ ይቀየራል። በ2008 የመጣው ባለ 7 ማርሽ ደግሞ ደረቅ ፍሪሲዮን ያለው ሲሆን የሚችለው እስከ 250 ኒውተን ሜትር ነው። ስለዚህ 2.0 ቲዲአይ ላይ አይገጠምም፤ በትንንሾቹ ሞተሮች ላይ ታገኙታላችሁ። በኋላ ባለ 7 ማርሽ ሆኖ በዘይት የሚነከርም መጥቷል። "ሰባት ማርሽ ነው" ሲሏችሁ "ደረቅ ነው እርጥብ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ የምታውቁት እናንተ ሁኑ።

አነዳዱም ይለያል። ዳገት ላይ በነዳጅ እየደገፋችሁ አትቁሙ፤ ፍሬን ያዙ። ሰልፍ ላይ መኪናውን በሰንቲሜትር እያስጠጋችሁ አትሂዱ፤ ቦታ ይከፈትና በአንድ ጊዜ ተንቀሳቀሱ። ፍሪሲዮን የሚበላው ሲንሸራተት ነው።

ማጣሪያው

የናፍጣ ጭስ ጥቀርሻ አለው። ማጣሪያው ጥቀርሻውን ይይዛል፤ ሲሞላ ግለቱን ወደ 600 ዲግሪ ከፍ አድርጎ ያቃጥለዋል። ለዚህ ሞተሩ መሞቅና ጥቂት ደቂቃ ሳይቋረጥ መሮጥ አለበት። አውቶባን ላይ ለሚውል ሰው ይህ ሳያውቀው ያልፋል።

ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ገበያ ገብቶ፣ ሦስት ኪሎሜትር ነድቶ ለሚመለስ ግን ማቃጠሉ ይጀመርና ይቋረጣል። ለማቃጠያ የተረጨው ናፍጣ ወደ ሞተር ዘይት ይወርዳል፤ ዘይቱን ያቀጥነዋል፣ ልኬቱንም ከፍ ያደርገዋል። ዘይት ሲቀንስ እንደነግጣለን፤ በናፍጣ መኪና ሲጨምርም ደንግጡ። መኪናውን ስታጠፉት ማራገቢያው እየጮኸ ከቀጠለ ወይም ቆሞ ሳለ ዙሩ ከወትሮው ከፍ ካለ ማቃጠል ላይ ነው ማለት ነው፤ ከተቻለ ሳታጠፉ ትንሽ ዞር በሉ።

አንዳንዶቹ ደግሞ አድብሉ የሚባል ፈሳሽ ይፈልጋሉ፤ 32.5 በመቶ ዩሪያ፣ የቀረው ውኃ ነው። የነዳጅ መሙያው አጠገብ ሰማያዊ ክዳን ካያችሁ እሱ ነው። አድብሉ ውስጥ ናፍጣ፣ ናፍጣ ውስጥ አድብሉ እንዳይገባ። ከሁለቱ አንዱ ከተሳሳተ ሞተሩን ሳታስነሡ ጋራዥ ጥሩ።

ሕጉና አገር ቤት

የናፍጣ ስም በመስከረም 2015 ጎድፏል። ፎልክስቫገን በፍተሻ ጊዜ ጭሱን ዝቅ አድርጎ የሚያሳይ ሶፍትዌር መጠቀሙ አሜሪካ ውስጥ ተጋለጠ፤ በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ገደማ መኪና ይመለከተው ነበር። ሞተሩ ኢኤ189 ይባላል፤ የድሮው ኦክታቪያም ላይ አለ። በየካቲት 2018 የጀርመን ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ከተሞች አሮጌ ናፍጣን መከልከል ይችላሉ ብሎ ወሰነ። ሐምቡርግ በዚያው ዓመት፣ ሽቱትጋርት በ2019 ጀመሩ። ስለዚህ ዩሮ 6 ያልሆነ ናፍጣ አትግዙ። ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ አንብቡ።

"ካረጀ አገር ቤት እልከዋለሁ" የሚለውንም ሒሳብ ዝጉት። ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት አቁማለች። መኪናው የሚያረጀው እዚሁ ነው።

"ታዲያ ለምን ኤሌክትሪክ አልገዛህም?" ትሉኛላችሁ። ቤት ያለው፣ ግድግዳው ላይ መሙያ የሚሰቅል ሰው ይግዛ፤ ጥሩ ነው። እኔ ሦስተኛ ፎቅ ተከራይቼ፣ ከሌሊት ሥራ ወጥቼ መሙያ ፍለጋ ልዞር አልችልም።

ማን ይግዛ፣ ማን ይተው

በዓመት ከ10 ሺህ ኪሎሜትር በታች ለምትነዱ፣ መንገዳችሁም ከተማ ውስጥ ለሆነ፦ ተዉት። ቤንዚን ይበቃችኋል። ከእኔ ምክር ይልቅ መንገዳችሁን ስሙ።

የምትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ደረሰኝ ጠይቁ። የካምቢዮው ዘይት በ60፣ በ120፣ በ180 ሺህ መቀየሩን የሚያሳይ ወረቀት ይኑር። ደረሰኝ የሌለው ታሪክ ተረት ነው። የቱፍ ማኅተም ፍሬንና ጎማ ደህና መሆኑን ይነግራችኋል፤ ስለ ካምቢዮ ዕድሜ ምንም አይነግራችሁም። ሞተሩን ቀዝቅዞ ሳለ አስነሡ፤ ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። በዝግታ ከአንድ ወደ ሁለት ሲቀይር የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ቁልፉን መልሱ። የታይሚንግ ችንጋው መቼ እንደሚቀየር ከመጽሐፉ ላይ እዩና ጊዜው ከደረሰ ከዋጋው ላይ ቀንሱ።

ሰው መኪናችሁን የሚያየው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለአምስት ደቂቃ ነው። ክፍያውን ግን በየወሩ መጀመሪያ ብቻችሁን ታዩታላችሁ። ከአገር ቤት ስልክ ሲደወልና "ልጄ፣ መድኃኒቱ ጨመረ" ስትባሉ፣ "እልካለሁ እማዬ" ለማለት ሁለት ጊዜ የማያሳስባችሁን መኪና ግዙ።

የተለየ ሒሳብ ያለው ቁጥሩን ይዞ ይምጣ፤ እንነጋገር። መልካም መንገድ።