ልጆቻችሁን የበዓል ሥራ ስጧቸው

አባትም እናትም ከቤት ውጭ ሥራ በሚውሉበት የአዲስ አበባ ቤት በዓል ከጊዜ ወደ ጊዜ ሸመታ እየሆነ መጥቷል። ድፎ ዳቦው ከዳቦ ቤት ይታዘዛል፤ ዶሮዋ ታርዳ፣ ተገነጣጥላና ታጥባ ትመጣለች፤ ቡሄ ሲደርስ በር ላይ ለሚጨፍሩት ልጆች በሙልሙል ፋንታ ብር ይሰጣል፤ ለእንቁጣጣሽ ወንዶቹ ልጆች ይዘውት የሚዞሩት ሥዕል ማተሚያ ቤት ያባዛው ሆኗል። ልደት ሲሆን ደግሞ ኬኩም፣ ፊኛውም፣ ዲኮሩም፣ ፎቶ አንሺውም በስልክ ይጠራሉ። ይህን የምጽፈው ወላጅ ለመውቀስ አይደለም። ጊዜ ያጣ ሰው ገንዘቡን በጊዜ ምትክ ቢያወጣ አይፈረድበትም። የኔ ክርክር ሌላ ነው፦ ሲጣደፍብን ከበዓሉ ላይ መጀመሪያ የምንቆርጠው ዝግጅቱን ነው፤ የልጆች ድርሻ ያለው ግን እዚያው ዝግጅቱ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ልጆቻችን በገዛ ቤታቸው በዓል እንግዳ እየሆኑ ነው። በሥራ የተወጠረ ቤተሰብ ሌላ ሌላውን ቀንሶ ቢያንስ ይህን አንድ ነገር ማትረፍ አለበት ብዬ አምናለሁ።

የጊዜው እጥረት የእውነት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ያቆመዋል፤ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚሰጠው የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። የታክሲ ሰልፉና የመንገዱ መጨናነቅ ሲጨመርበት ከቀኑ የሚተርፈው ትንሽ ነው። ቡሄ ልጆች በክረምት ዕረፍት ላይ ሳሉ ይመጣል፤ ሥራ የሚዘጋበት ቀን ግን ስላልሆነ ወላጅ ቢሮው ነው። እንዲህ ላለ ቤተሰብ ጠላ ጠምቃችሁ፣ ዳቦ ደፍታችሁ፣ ወጡን ሠርታችሁ፣ ቤቱን ወልውላችሁ አክብሩ ማለት እናትየዋን የዋዜማውን እንቅልፍ መንሳት ነው፤ ሸክሙ ማን ላይ እንደሚወድቅ ሁላችንም እናውቃለንና። ሁሉም ነገር ወደ ድሮው ይመለስ የሚል ሰው ይህን አላሰበበትም።

ነገር ግን የኛ በዓላት በማን ጉልበት ይቆሙ እንደነበር እንይ። ቡሄ ያለ ልጆች ቡሄ አይሆንም፤ ጅራፍ የሚገምደው፣ ቤት ለቤት እየዞረ የሚጨፍረው፣ ሙልሙሉን የሚሰበስበው፣ ችቦ ይዞ የሚወጣው ልጅ ነው። እንቁጣጣሽን የሚያበስሩት አደይ አበባና ለምለም ሣር የያዙት ሴቶች ልጆች ናቸው። ከነሐሴ 16 ጀምሮ በሰሜኑ የሚከበሩት ሻደይ፣ አሸንደዬ፣ ሶለልና አሸንዳ የልጃገረዶች ናቸው። በአረፋ ከታረደው ሥጋ ለጎረቤትና ለችግረኛ የሚደርሰው ድርሻ ሲላክ ሳህኑን ይዞ የሚሮጠው ብዙውን ጊዜ የቤቱ ልጅ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ልጁ ካልሠራ የሚጎድል ነገር አለ። ትልቁ ሰው ልጁን ያስፈልገዋል፤ ልጁም ይህን ያውቃል። ዳቦውም፣ ሥዕሉም፣ ጭፈራውም በብር ሲተካ የሚቀረው ለልጅ የተዘጋጀ ደስታ ነው፤ ልጅ የሚያዘጋጀው ደስታ ግን ጠፍቷል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት እንደ ቀላል አላየውም።

እ.ኤ.አ. በ2002 ባርባራ ፊስና የሥራ ባልደረቦቿ ስለ ቤተሰብ ልማዶችና ሥርዓቶች በ50 ዓመታት ውስጥ የተሠሩ ጥናቶችን ገምግመው ነበር። ያገኙት፣ ልማድ ያለው ቤተሰብ ውስጥ የልጆች ደኅንነትም ሆነ የወላጆች በራስ መተማመን የተሻለ መሆኑን ነው። በአትላንታው ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ማርሻል ዱክና ሮቢን ፊቩሽ ደግሞ ለልጆች ስለ ቤተሰባቸው 20 ጥያቄዎች አቀረቡ፤ አያቶችህ የት አደጉ፣ ወላጆችህ እንዴት ተገናኙ የመሳሰሉ። ብዙውን መመለስ የቻሉት ልጆች ስለራሳቸው የተሻለ ግምት እንዳላቸው አዩ። ሆኖም ዱክ ራሱ መልሱን ማስሸምደድ ምንም እንደማይፈይድ ጽፏል፤ ለውጥ የሚያመጣው ታሪኩ የሚወራበት አብሮ የመሆን ጊዜ ነው ይላል። እነዚህ ጥናቶች አንዱ የሌላው መንሥኤ መሆኑን አላረጋገጡም፤ ሰላም ያለው ቤተሰብ በዓሉንም በሥርዓት ያከብር ይሆናል። ይህን ጥርጣሬ እቀበለዋለሁ። ቢሆንም ታሪክ የሚወራበት ጊዜ ከየት ይመጣል ብለን ስንጠይቅ መልሱ ወደ ማጀት ይመራናል።

እንቁላል መላጥን ብቻ ውሰዱ። ለዶሮ ወጥ የሚሆነው እንቁላል ተቀቅሎ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይቆያል። ልጁ ሰፋ ያለውን ጫፍ መታ መታ አድርጎ ከዚያ ይጀምራል፤ ከልጣጩ ሥር ያለው ስስ ሽፋን ከተነሣለት ልጣጩ በትልልቁ ይወርዳል፣ ካልተነሣለት ነጩ ይቦጫጨቃል። ሁለት ሦስት ካበላሸ በኋላ እጁ ይለምዳል። ከዚያ አባቱ ወይም እናቱ ወጡ እንዲገባው በቢላ ጫር ጫር ያደርጉታል። ሁሉም ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። በዚያ ሩብ ሰዓት ግን እጅ ሥራ ይዟል፣ አፍ ነፃ ነው፣ ስልክ መንካት አይቻልም። ዶሮ ለምን 12 ብልት እንደምትወጣ ይጠየቃል፤ አያት በልጅነታቸው በዓሉን የት ያሳልፉ እንደነበር ይነሣል። በማግስቱ ደግሞ እንግዳው ሁሉ የሚበላው እንቁላል እሱ የላጠው ነው። በኮባ ለሚደፋ ዳቦ ቅጠሉን መወልወል፣ ቄጤማ መጎዝጎዝ፣ ረከቦቱ ላይ ሲኒ መደርደርም እንዲሁ ነው። ቤተሰቡ ዳቦውን ቢገዛ ግድ የለም፤ ከዝግጅቱ አንዷን መርጦ ለልጁ ይተውለት፣ በየዓመቱም ያቺው የሱ ትሁን። «እንቁላሉን የሚልጠው እሱ ነው» የሚባልለት ልጅ በቤቱ ውስጥ ቦታ አለው።

ልደት ከዚህ የከበደ ጥያቄ ያነሣል፤ ዛሬ እንደምናከብረው ለባለልደቱ ሥራ አይተውለትምና። ልጁ መሐል ይቀመጣል፣ ይዘፈንለታል፣ ሻማ ያጠፋል፣ ስጦታ ይቀበላል። ከሁሉ የሚደገሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ዓመት ልደት ነው፤ ሰው ግን ከሦስት ዓመቱ በፊት የሆነውን ከሞላ ጎደል አያስታውስም። ስለዚህ ያ ድግስ የወላጆች ነው። ይህን ስል ማጣጣሌ አይደለም። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ልጇ ዓመት የሞላላት እናት እልል ብትል ምክንያት አላት። የምለው፣ ምስጋናው የወላጅ መሆኑ ከታወቀ ለምስጋና የሚሆን መጠን ይበቃዋል፤ አዳራሽና ብድር አያስፈልገውም።

ልደት ባህላችን አይደለም፣ ቢቀር ይሻላል የሚሉ አሉ። ግማሽ እውነት አላቸው። ወላጆቻችን ያከብሩት የነበረው የ40 እና የ80 ቀኑን ክርስትና ነው፤ የልደት ቀን ለብዙዎች ጭራሽ አልተመዘገበም። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንኳ ልደታቸው በመንግሥት የተመዘገበ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከ100 ሦስት ገደማ ብቻ ነበሩ። ይሁንና ልደት ማክበርን የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። ገና ራሱ የልደት በዓል ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የግንቦት ልደታ አለች። ግንቦት 1 ቀን የእመቤታችን ልደት ሲከበር ጎረቤት ከየቤቱ ወጥቶ ደጅ ላይ ይሰበሰባል፤ አንዷ ንፍሮ፣ ሌላዋ ዳቦ ይዛ ትመጣለች፣ ቡና ይፈላል፣ ልጅና አዋቂ አብሮ ይቀምሳል። ማንም ብቻውን አይደግስም፣ ማንም ባዶ እጁን አይቀመጥም። ጊዜና ገንዘብ ላጠረው ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ የልጅ ልደት አከባበር አላውቅም፦ የኮንዶሚኒየሙ ግቢ፣ ከየቤቱ የመጣ ትንሽ ነገር፣ ፈንዲሻውን እየዞረ የሚያድለው ባለልደቱ ራሱ። ኬክ መኖሩን አልቃወምም። ልጁ ኬኩን ቆርጦ ለመጡት ሁሉ ካደረሰ፣ ለታመሙት ጎረቤትም ሳህን ይዞ ከሄደ ቀኑ የሱ ሆኗል።

በተግባር የሚነሣው ትልቁ ተቃውሞ ልጅ ሥራ ያበላሻል፣ ያዘገያል የሚለው ነው። አዎ፣ ያዘገያል። የአምስት ዓመት ልጅ የጎዘጎዘው ቄጤማ አንድ ጥግ ተከምሮ ይገኛል። ግን ልጅ የማይረባ እርዳታውን እየተከለከለ አድጎ በ15 ዓመቱ በድንገት የሚጠቅም ረዳት አይሆንም። በሜክሲኮዋ ጓዳላሃራ ባርባራ ሮጎፍና ባልደረቦቿ ሁለት ዓይነት ቤተሰቦችን አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት፣ የጥንቱን የነባር ሕዝቦች ልማድ በያዙት ቤቶች ልጆች ሳይታዘዙ በራሳቸው ተነሣሽነት ውስብስብ የቤት ሥራ ሲሠሩ አገኙ፤ ጊዜያቸው በአዋቂ በተደራጀ ትምህርትና ፕሮግራም በተሞላባቸው ዘመናዊ ቤቶች ግን ይህ እምብዛም አልታየም። የኛም ከተማ ወደ ሁለተኛው እየሄደ ነው። ለሥራ ቀን ማለዳ ፍጥነት ይጠየቅ፤ የዋዜማዋን አንድ ሩብ ሰዓት ግን ለመዘግየት መተው ይቻላል።

ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል፦ ሴት ልጆች በበዓል ቀድሞውንም ይሠራሉ፣ ደግሞ ሥራ ስጡ ትለናለህ ወይ? ብዙ ቤት ልጅቷ ከሽንኩርት መክተፍ እስከ ሳህን ማጠብ ስትባክን ወንድሟ ሶፋ ላይ ኳስ ያያል። ይህ ስለ በዓል ድርሻ የተናገርኩትን ያጠፋዋል፤ ድርሻ የሚሆነው መጨረሻ ያለውና ባለቤቱ የሚመሰገንበት ሥራ ነው፣ ያለ ማቋረጥ የሚጫን ከሆነ ጉልበት ብዝበዛ ነው። ስለዚህ ሥራ ሲሰጥ ከወንዱ ይጀመር፤ ልጅቷ ደግሞ ስትጨርስ አበቃሽ ትባል፣ ወጥታ ትጫወት። ለእንግዳው «ይህን የሠራችው እሷ ናት» ብሎ መናገርም ከወላጅ ይጠበቃል።

የጓደኞቹ ልደት በአዳራሽ ሲከበር የኔ ልጅ ያንሳል የሚለው ስጋትም አለ። ልጆች ያወዳድራሉ፣ ይህን መካድ አይቻልም። ወላጆች ተነጋግረው በክፍል የሚደረገውን ልክ ካላበጁለት ፉክክሩ በራሱ አይቆምም፤ ትምህርት ቤቶችም በዚህ ጉዳይ አንድ መስመር ቢያወጡ አቅም የሌለውን ቤተሰብ ያሳርፋሉ።

ውጭ ያሉ ወገኖቻችን ጥያቄው ይበረታባቸዋል። በአሜሪካ ገና ሲውል፣ እንቁጣጣሽም ሲውል ልጅ ትምህርት ቤት ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት በቀኑ ይፈጸም፤ የቤተሰቡ ማዕድ ግን ወደ ቅዳሜ ቢዛወር በዓሉ አይረክስም። ቀን ማዛወር ለኛ እንግዳ አይደለም፤ ጳጉሜን 6 የተወለደ ልጅ ቀኑን የሚያገኘው በ4 ዓመት አንዴ ነው፣ ወላጆቹ በሌሎቹ ዓመታት በ5 ያከብሩለታል፣ ማንም አልተቀየማቸውም። ከሁሉ የከበደው በቤይሩት፣ በሪያድ፣ በዱባይ ሰው ቤት ተቀጥረው የልጃቸውን ልደት በቪዲዮ የሚያዩት እናቶች ነገር ነው። ገንዘብ ይልካሉ፣ ድግሱ ይደገሳል፣ እናት ተመልካች ትሆናለች። ለእነሱ የምለው፣ ከቻላችሁ ለሻማው ሰዓት ብቻ አትደውሉ፤ ዋዜማውን ደውላችሁ ልጁ ከአያቱ ጋር ዳቦውን ሲያዘጋጅ እናንተ አሠራሩን እየነገራችሁት ይሥራ። የእናቱ እጅ ባይኖርም የእናቱ ትእዛዝ ሥራው ውስጥ ይግባ።

አሠሪዎችም ይህን ካነበባችሁ፣ በበዓል ዋዜማ ሠራተኛውን ሁለት ሰዓት ቀደም አድርጋችሁ ብትለቁት ብዙ ቤት ይደርሳል። ወላጆች ሆይ፣ የቀጣዩን በዓል ዝርዝር ስታወጡ ከሚገዛው ነገር በፊት የእያንዳንዱን ልጅ ስም ጻፉና ከጎኑ አንድ ሥራ አስቀምጡ። ያንን ሥራ ማንም አይንካባቸው፣ ቢዘገዩም ጠብቋቸው።