«ሌሊት የምታድረው ሐበሻዋ ናት»

ይሄን የምጽፈው አዛውንት ለምትንከባከቡ ሁሉ ነው፤ ሰው ቤትም ሁኑ መጦሪያ።

ቤሩት የሠራሁት በአረጋውያን መጦሪያ ነው። ወረቀቴ ላይ ግን የቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ከፊሌ የሙዲራዋ ወንድም ነው፣ ቤቱን አይቼው አላውቅም። በፈረንጆቹ 1946 የወጣው የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ ደግሞ የቤት ሠራተኛን ከጥበቃው ውጭ አድርጓል። ታዲያ ሌሊት ለብቻዬ 19 አዛውንት ሲሰጡኝ የት ሄጄ «በዛብኝ» ልበል?

ሊራው በ2019 መጨረሻ መውደቅ ከጀመረ በኋላ ነርሶቹ ተራ በተራ ለቀው ሄዱ። ዳይፐር በቀን ሁለት ብቻ ሆነ፤ የመጋዘኑ ቁልፍ ሙዲራዋ ጋ ነው። ከአዛውንቶቹ አንዷ ዳሌያቸው ተሰብሮ በራሳቸው መገላበጥ አይችሉም ነበር። ቴታ ነበር የምላቸው፤ እሳቸውም «ያ ቢንቲ» ይሉኛል። እንዲህ የተኛ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ካልተገላበጠ ከወገብ በታች ያለው አጥንት፣ ዳሌውና ተረከዙ ላይ ይቀላል። የቀላውን በጣት ተጫኑት፤ ካልነጣ ቁስል ጀምሯል ማለት ነው።

ሌሊት እኔ አገላብጣቸዋለሁ፤ ቀን ግን ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ይውላሉ። ቅላቱን ያየሁ ቀን ለነርሷ ነገርኳት፣ በነጋታው ለሙዲራዋ። «አንቺ ዶክተር ነሽ?» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደብተር ያዝኩ፦ በስንት ሰዓት እንዳገላበጥኳቸው፣ ምን ያህል እንደበሉ፣ ለማን እንደተናገርኩ፣ ምን እንደተመለሰልኝ። ገጹን በስልክ እያነሳሁ አገር ቤት ላለችው እህቴ እልክ ነበር፤ ቢቀሙኝም እንዳይጠፋ።

ከሁለት ወር በኋላ ልጃቸው ከውጭ መጣች። አንሶላውን ገልጣ ስታይ ጩኸቷ እስከ ኩሽና ተሰማ። ሆስፒታል ወሰደቻቸው፣ በሕግ ሐኪም አስመረመረች፣ መጦሪያውን ከሰሰች። ሙዲራዋ ለፖሊስ የሰጠችው መልስ አጭር ነው፦ «ሌሊት የምታድረው ሐበሻዋ ናት።»

በሊባኖስ የወንጀል ሕግ በቸልተኝነት ሰው የጎዳ ይታሰራል፤ አንቀጽ 565 ነው። ይሄን የነገረችኝ በኋላ አንድ የእርዳታ ድርጅት የሰጠኝ ጠበቃ ናት። ያኔ የማውቀው ፓስፖርቴ ሙዲራዋ ጋ እንዳለ ብቻ ነው። በአረብኛ የተጻፈ ወረቀት አምጥተው «ፈርሚና ሂጂ» አሉኝ። አስተርጓሚ ሳይመጣ አልፈርምም አልኩ።

ደብተሩ ሲነበብ ሌላ ጣጣ መጣ። የኔ ሰዓት የሐበሻ ሰዓት ነው፤ «ሌሊት 8 ሰዓት» እነሱ ጋ 2 ሰዓት ነው። የሙዲራዋ ጠበቃ «በ8 ሰዓት ሥራ ላይ አልነበረችም፣ ውሸት ነው» አለ። አስተርጓሚዋ የኛው አገር ልጅ ስለነበረች አስረዳችልኝ። የሕግ ሐኪሙም አጥንት የደረሰው ቁስል የአንድ ሌሊት እንዳልሆነ ጻፈ። ከተጠርጣሪነት ወጥቼ ምስክር ሆንኩ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ድል ነው አልልም። ፓስፖርቴን በጠበቃዋ በኩል ባስመልስም የአምስት ወር ደሞዜ ቀርቷል። ቴታ ሆስፒታል እንደተኙ አረፉ። በ2022 ዳኞች በደሞዝ ማነስ ሥራ ሲያቆሙ ቀጠሮው ለወራት ቆመ፤ ጉዳዩ ዛሬም አላለቀም። ልጃቸው ግን አልተወችም። እኔም ሲጠሩኝ እሄዳለሁ፤ ቴታ ችሎት ቆመው የሆኑትን መናገር አልቻሉም፣ ያየሁት እኔ ነኝ።

እህቶቼ፣ የምንጦረው ሰው ሲጎዳ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የኛ እጅ ነው። ስለዚህ ጻፉ። በአማርኛም ይሁን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ግን ባላችሁበት አገር አቆጣጠር። ያያችሁትን ለኃላፊው ንገሩ፤ ቢቻል በዋትሳፕ፣ መልእክቱ እንዲቀር። ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ።

ፈጣሪ ሁላችሁንም በሰላም ለሀገራችሁ ያብቃችሁ።