ስለ ቆመው መርፌ

መለኪያ፥ ሰው በዐይኑ ብቻ ሊፈርደው ለማይችለው ነገር የሚያቆመው ምስክር ነው። ገብስ በቁና ይሰፈራል፤ ዕቃም በሚዛን ይመዘናል፤ ገዢና ሻጭ ሁለቱም ፊት ለፊት ቆመው ያዩታል። መኪና የሄደችው መንገድ ግን እንዲህ አይደለም፤ ካለፈ በኋላ ተመልሶ የሚሰፍረው የለምና፥ ከመሪው ፊት ያለው መርፌና ከመርፌው አጠገብ ያለው ቍጥር የተናገሩት ይታመናል።

በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ ለዳግማዊ አጤ ምኒልክ መኪና ይዞ ከጅቡቲ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፥ ይህ መለኪያ ገና አዲስ ጥበብ ነበረ፤ ኦቶ ሹልትሰ የተባለ የስትራስቡርግ ሰው የፈጠራ መብት ያገኘበት በ1895 ዓ.ም. ነውና። ከዚያ ወዲህ ወደ አገራችን ከገቡት መኪኖች መካከል በሰው ዘንድ እጅግ የተወደደችው ቮልስዋገን ናት፤ ሕዝቡ በአጭሩ ቮልስ ይላታል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው በወረዱ ዕለት ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚህችው ዐይነት መኪና ነበረ። የመጨረሻዪቱ በሜክሲኮ አገር በ1995 ዓ.ም. ተሠርታ ሥራዋ አብቅቷል፤ በኢትዮጵያ ግን እስከ ዛሬ በየከተማው ትታያለች።

ዕድሜያቸው ከ70 የተሻገረ አንድ የቀየት ተወላጅ፥ ኑሯቸውን በደብረ ብርሃን አድርገው፥ ከወጣትነታቸው ዠምሮ ያልተለየቻቸው አንዲት ቮልስ ነበረቻቸው። ከጊዜ በኋላ መርፌው ይንቀጠቀጥ ዠመረ፤ ጥቂት ቈይቶም ጨርሶ ወደቀ፤ የመንገዱም ቍጥር 61,340 ላይ ቆሞ ቀረ። ሽማግሌው የሞተሩን ድምፅ በጆሯቸው እየለዩ ይነዱ ነበርና ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ተዉት። የሚፈሩት ስፍራ አንድ ብቻ ነበረ፤ ይኸውም ጣርማ በር ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቈፈረው ዋሻ ያለበት፥ ከፍታውም ከ3,000 ሜትር በላይ የኾነ፥ ጉም የሚያዘወትረው ቦታ ነው። ከዚያ ወደ ደብረ ሲና የሚያወርደው ቍልቍለት ጆሮን ያታልላል፤ ሞተሩ ዝም ባለበት ጊዜ መኪናዪቱ ትፈጥናለችና።

በኋላ ዐይናቸው እየደከመ ስለ ሄደ መኪናዪቱን ሊሸጧት ቈረጡ፤ ከአዲስ አበባም ገዢ ተገኘ። ልጃቸውም፥ «አባባ፥ ገመዱን እንለውጥና መርፌው ይሥራ፤ ስለ ቍጥሩ ማን ይጠይቃል? 61 ሺህ ብቻ የሄደች ናት ብሎ ይውሰዳት» አላቸው። እርሳቸው መልስ ሳይሰጡ እጅጌያቸውን ሰብስበው ወደ ሥራው ገቡ።

አስቀድመው የበሽታውን ሥር መረመሩ። መርፌው ሞቶ ቍጥሩ ቢቈጥር ኖሮ ጥፋቱ ከመለኪያው ውስጥ በኾነ ነበር፤ ሁለቱ በአንድነት ስለ ቆሙ ግን ጥፋቱ ከገመዱ እንደ ኾነ ዐወቁ። በቮልስ ገመዱ የሚነሣው ከግራው የፊት ጐማ ነው፤ የጐማው ማዕከል ክዳን ሲዞር የገመዱን አራት ማዕዘን ጫፍ ያዞረዋል፤ ገመዱም በሽፋኑ ውስጥ እየዞረ እስከ መለኪያው ይደርሳል። በዚያ አንድ ማግኔት ይዞራል፤ ማግኔቱም ትንሽ የአሉሚኒዮም ጽዋ ሳይነካው ወደ ፊት ይስበዋል፤ እንደ ጠጕር የቀጠነ ጥምዝ ሞላ ደግሞ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ መርፌውም በሁለቱ ትግል መካከል በልኩ ይቆማል።

መኪናዪቱን በክሪክ አንሥተው፥ የገመዱን ጫፍ የሚይዘውን ትንሽ ሽቦ ነቅለው፥ ገመዱን ሳቡት። ከአንድ ጠባብ መታጠፊያ ላይ ደርቆ ተበጥሶ ነበረ። አዲሱን ግራሶ በስሱ ቀቡት፤ ወደ መለኪያው የሚገባውን ጫፍ ግን ሳይቀቡ ተዉት፤ ቅባቱ ወደ ላይ ወጥቶ የመለኪያውን ውስጥ እንዳያበላሸው ነው። ከፊት ካለው የዕቃ ማስቀመጫ በኩልም ገብተው፥ ገመዱ እንዳይጨነቅ ሰፊ መታጠፊያ ሰጥተው፥ ከመለኪያው ጋር አጋጠሙት።

ከዚያ በኋላ ልጁ እየነዳ፥ እርሳቸው ሰዓታቸውን በእጃቸው ይዘው፥ የኪሎ ሜትር ምልክት ወዳለበት ሜዳማ መንገድ ወጡ። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንድ ኪሎ ሜትር በ60 ሰከንድ ያልቃል፤ መርፌው 60 ሲል ግን 63 ሰከንድ ፈጀ። እውነተኛው ፍጥነት 57 ያህል ነው ማለት ነው። ሽማግሌውም «ጥቂት አብዝቶ ቢናገር ነጂውን ያስጠነቅቀዋል እንጂ አይጐዳውም» ብለው ተቀበሉት። ቍጥሩም 61,341 ብሎ ተነሣ።

ልጁ ደስ ብሎት፥ «አዩ አባባ፥ ተፈወሰ» አለ። እርሳቸው ግን እንዲህ አሉት፤ «ልጄ፥ ሦስት ዓመት ሲቆም አልዋሸም፤ ዝም አለ እንጂ። አኹን አንደበቱን እኛ ከፈትንለት፤ ዛሬ ቢዋሽ ሐሰቱ የእርሱ አይደለም፤ የእኛ ነው።»

ማታ የነዳጅ ደብተራቸውን አወጡ። በሦስቱ ዓመት የገዙት ቤንዚን 1,040 ሊትር ኾኖ ተገኘ፤ መኪናዪቱ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ያህል ትፈጃለችና፥ ሳይቈጠር ያለፈው መንገድ 13,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደግሞም ቈጣሪው አምስት አኀዝ ብቻ ስላለው 100,000 በሞላ ጊዜ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ በእርሳቸው እጅም ሁለት ጊዜ ተመልሶ ነበር። ይህን ዅሉ ደምረው፥ «ይህች መኪና የሄደችው 61 ሺህ አይደለም፤ ከ274 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው» ብለው በወረቀት ጻፉ፤ ከመሪውም ላይ አኖሩት።

ገዢው መጥቶ አነበበው። ዋጋውም ልጁ ካሰበው እጅግ አነሰ። ሰውዬው ግን ገንዘቡን ቈጥሮ ከሰጠ በኋላ ወረቀቱን አልጣለውም፤ አጣጥፎ ከመኪናዪቱ ሰነድ ጋር አኖረው።