ስለ ሽማግሌ መጦሪያ ቤት አመራረጥ

የሽማግሌ መጦሪያ ቤት የሚባለውን ነገር ከዚህ ቀደም በወሬ እንሰማው ነበር እንጂ፣ አንድ ቀን ደጃፉን አንኳኵተን ለገዛ ሥጋችን እንመርጣለን ብለን ከቶ አላሰብንም ነበር። በአገራችን ዘመድ ያጣ ሰው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይጠጋል፤ ወይም ቸሮች ባቆሙት ቤት ይጦራል፤ ልጅ ያለው ግን በልጁ ቤት ያረጃል። ስለዚህ ታላቅ እኅታችን ከአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ካለችው ከሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ «አክስታችንን መጦሪያ ቤት ላስገባ ነው» ብላ በላከችብን ጊዜ በቤተ ዘመዱ ዘንድ የሆነው ጩኸት በቀላሉ የሚነገር አይደለም። አጎታችንማ «ብትቀብሯት ይሻል ነበር» እስከ ማለት ደረሱ።

እኅታችን ግን ይህን የቈረጠችው ጨክና አልነበረም። እኒህ አክስታችን እናታችን ከሞተች በኋላ ሁለታችንን ያሳደጉን ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰማንያ አራት ነው፤ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህም ያለ ሁለት ሰው ድጋፍ ከአልጋ አይነሡም። እኅታችን በሌሊት ትሠራለች፤ ባሏ በቀን ይሠራል። ሁለት ጊዜ ወድቀው አገኘቻቸው፤ በሁለተኛው ጊዜ ከወለሉ ላይ ስድስት ሰዓት ያህል ቆይተው ነበር። እኛ በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ከደገምን በኋላ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ስለ ተማርን፣ እንጀራችንም የፍርድ ቤት መዝገብ መጻፍ ስለ ሆነ፣ «አንተ መዝገብ ታውቃለህና መጥተህ ከእኔ ጋር ምረጥ» አለችን። እኛም የጥቂት ወራት ፈቃድ ጠይቀን ሄድን።

የጐበኘነው ሦስት ቤት ነው። ስለ አንዱ የሚነገር የለም፤ ባዶ አልጋ አልነበረውምና። ከቀሩት ሁለቱ ፊተኛው አበባ የሞላበት፣ ወለሉ እንደ መስተዋት የሚያበራ፣ በእልፍኙም ፒያኖ የቆመበት ነበር፤ እንግዳ ተቀባይዋም ቡና አቅርባ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ሰጠችን። ሁለተኛው ግን አሮጌ ነው፤ ቀለሙ ተላልጧል፤ ከበሩ ጀምሮ የተቀቀለ ጐመን ይሸታል። ዓይናችን ወደ ፊተኛው አደላ፤ ይህንን አንደብቅም።

የአሜሪካ መንግሥት ከእርሱ ገንዘብ ለሚቀበሉ መጦሪያ ቤቶች በአውሮጳ አቆጣጠር በ1987 ሕግ አውጥቷል። በዚህ ሕግ መሠረት መርማሪዎች ቀኑን ሳያስታውቁ በድንገት ይመጣሉ፤ በሁለት ምርመራ መካከልም ከ15 ወር በላይ እንዳያልፍ ታዝዟል። ከ2008 ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዱ ቤት ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ እየተሰጠው ለሕዝብ ይገለጣል። ፊተኛው ቤት አራት ኮከብ፣ ሁለተኛው ሦስት ኮከብ ነበራቸው። እኅታችን ነገሩ በዚህ ያለቀ መሰላት፤ እኛ ግን የጸሐፊነት ልማዳችን ነቅቶ፣ ኮከቡ በምን ማስረጃ እንደ ተሰጠ መመርመር ጀመርን። ማስረጃው ሦስት ነው። አንደኛው የመርማሪዎቹ ቃል ነው። ሁለተኛው የሠራተኛው ብዛት ነው፤ ይኸውም ከ2018 ጀምሮ ከደመወዝ መዝገብ ይወሰዳል። ሦስተኛው ስለ ሕሙማኑ ጤና የተጻፈው ነው፤ ይህንንም አብዛኛውን የሚጽፈው ራሱ ቤቱ ነው። በገዛ ጉዳዩ የሚመሰክር ሰው ቃሉ በችሎት እንዴት እንደሚመዘን አንባቢ ያውቃል። ፊተኛው ቤት ከመርማሪዎቹ ሦስት ብቻ አግኝቶ ሳለ፣ በራሱ ጽሑፍ አምስት ስላገኘ ወደ አራት ወጥቷል፤ ሁለተኛው በመርማሪዎቹ ዘንድ አራት ሳለ፣ በጽሑፉ አንድ ስላገኘ ወደ ሦስት ወርዷል።

የምርመራው መዝገብ ማንም ሰው ሊያነበው በሚችልበት ስፍራ እንዲቀመጥ ሕጉ ያዛል። በፊተኛው ቤት ብንጠይቅ ብዙ ከተፈለገ በኋላ ከመሳቢያ ወጣልን፤ በሁለተኛው ቤት ግን በመግቢያው ግድግዳ ላይ በክር ታስሮ፣ ጠርዙ ከጣት ብዛት ጠቍሮ አገኘነው። ጥፋቱ በፊደል ተመዝኖ ይጻፋል፤ ከኤ እስከ ኤል ነው፤ ጂ ላይ ሲደርስ በሰው ላይ በእርግጥ ጉዳት ደርሷል ማለት ነው። በፊተኛው ቤት መዝገብ አንድ ጂ አየን። ሁለት ሰው እንዲያነሣው የታዘዘለትን ሽማግሌ አንዲት አስታማሚ ብቻዋን ስታነሣው ወድቆ እግሩ ተሰብሯል። ይህን ካነበብን በኋላ ስለ ፒያኖው አልተነጋገርንም። በሁለተኛውም ጥፋት አልታጣም፤ መድኃኒት ዘግይቷል፤ የወጥ ቤቱም ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ ተገኝቷል፤ ነገር ግን ከዲና ከኢ የሚያልፍ አልነበረበትም።

በሥራ ቀን ረፋድ ላይ ሁሉም ቤት ያማረ ነው። ስለዚህ እሑድ ማታ በራት ሰዓት፣ ሳንጠራ ተመልሰን ሄድን። ሕመምተኛው ደወል ሲጫን ከበሩ በላይ መብራት ይበራል፤ እኛም ሰዓታችንን አውጥተን ቈጠርን። በፊተኛው ቤት አንዱ መብራት ሃያ ሦስት ደቂቃ በራ፤ በሁለተኛው አምስትና ሰባት ደቂቃ። ደግሞም የውሃው ብርጭቆ ሕመምተኛው እጁን ቢዘረጋ የሚደርስበት መሆኑን፣ የሽማግሎቹ ጥፍር መቈረጡን፣ ከአልጋ የማይነሡትም ተረከዛቸው በትራስ መደገፉን ተመለከትን። በሁለተኛው ቤት የአገራችን ልጅ የሆነች የሌሊት አስታማሚ አገኘን፤ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ስንት ሰው እንደምትይዝ ብንጠይቃት፣ «አሥራ አራት ነው ጋሼ፤ ብዙ ነው። ቅዳሜ ሌሊት ደግሞ ሰው ይጐድለናል» አለችን። ቤቱን ብታመሰግንልን ኖሮ ይህን ያህል ባላመንናት ነበር።

መብራት ቢጠፋ ምን እንደሚያደርጉም ጠየቅን። በ2017 በፍሎሪዳ ሆሊውድ በምትባል ከተማ፣ ዐውሎ ነፋስ የአንዱን መጦሪያ ቤት ማቀዝቀዣ አጥፍቶበት፣ ሆስፒታል ከመንገድ ማዶ ቆሞ ሳለ 12 ሽማግሎች በሙቀት ሞተዋል። የመረጥነው ቤት አስተዳዳሪ ጀኔሬተሩን ወስዶ አሳየን፤ መቼ እንደ ተፈተነም የተጻፈበትን ደብተር ገለጠልን።

እንግዲህ ወደ ውሉ ደረስን፤ ይህ ቤት ቢሆንም ውሉ ከወጥመድ የጸዳ አልነበረም። እኅታችን ብዕሯን አንሥታ ሳለ እጇን ያዝናት። በአንዱ ገጽ «ኃላፊ» ተብላ የምትፈርምበት ስፍራ ነበረ፤ ሲነበብ ግን ለአክስታችን ዕዳ ዋስ የሚያደርጋት ነው። ለመግቢያ ብሎ ዘመድን ዋስ ማስጠራት በዚያው በ1987 ሕግ የተከለከለ ነው። ሌላው ገጽ ደግሞ ወደ ፊት ጠብ ቢነሣ ጉዳዩ በግልግል ዳኛ እንጂ በፍርድ ቤት እንዳይታይ ያስማማል። እኛ ግልግልን አንጠላም፤ በአገራችን ስንቱን ነገር ሽማግሌ ያበርደዋል፤ ነገር ግን በደሉ ገና ሳይፈጸም ከችሎት ደጅ ራስን ማስወጣት ምን ይባላል? ቤቱ ይህን ውል የመግቢያ ግዴታ እንዳያደርገው ከ2019 ጀምሮ ታዝዟል፤ የፈረመም ሰው በ30 ቀን ውስጥ ሊተወው ይችላል። ሁለቱን ገጽ ሰርዘን መለስን፤ ጸሐፊዋም ያለ ክርክር ተቀበለችን። ሌላው ሰው ሁሉ ሳያነብ ይፈርም እንደ ነበር ከፊቷ አየን።

አክስታችን ገቡ። በወሩ ሲመዘኑ ከአምሳ ሁለት ኪሎ ወደ አርባ ዘጠኝ ወርደው ተገኙ። ሐኪሙ ዕድሜ ነው ብሎ የምግብ ፍላጎት የሚከፍት መድኃኒት ሊያዝ አሰበ። እኅታችን ውክልና ስላላት መዝገባቸውን ጠየቀች፤ ከቅዳሜና ከእሑድ፣ ከበዓል ቀንም በቀር በ24 ሰዓት ውስጥ የማሳየት ግዴታ አለባቸውና አሳዩን። በምግቡ ዝርዝር ላይ «እምቢ አለች» የሚል ቃል በሃያ ስምንት ቀን ውስጥ በስምንት ቀን ተጽፏል። ቀኖቹን ከቀን መቍጠሪያ ጋር ብናስተያያቸው አራቱ ረቡዕ፣ አራቱ ዓርብ ሆኑ። ጧት ወተትና ዕንቍላል፣ ማታ ዶሮ ቀርቦላቸዋል፤ እርሳቸውም ጾማቸውን ጠብቀው ውሃ ጠጥተው አድረዋል። ጸሐፊው በታማኝነት መዝግቧል፤ ለምን እንደ ሆነ ግን ማንም አልጠየቀም። የአገራችን ልጅ የምትመጣው ማዕድ ከተነሣ በኋላ በሌሊት ነው፤ እኛም የምንጠይቃቸው ከቀትር በኋላ ነበር።

ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በቤቱ ላይ ልንጭን አንችልም። በገቡበት ቀን «ምን ይበላሉ?» ተብለን በተጠየቅን ጊዜ «ሁሉን» ብለን የመለስን እኛ ነን። ደወሉን በደቂቃ የቈጠርን፣ ውሉን በመስመር የመረመርን ሰዎች ለዚህች ጥያቄ አንድ ቃል መልሰን ወደ ሌላው ገጽ አለፍን።

ሕመምተኛ ስለ ጤናው በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው በሕጉ ስለ ተጻፈ፣ በጠየቅነው ጊዜ አስተርጓሚ በስልክ አምጥተው አክስታችንን ራሳቸውን ጠየቁ። እርሳቸውም፣ «ልጆቼ፣ ምግባችሁ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ረቡዕና ዓርብ ወተት ታመጡልኛላችሁ፤ ጾም ነው ብዬ በምን ቋንቋ ልንገራችሁ?» አሉ። ቃላቸው እንዳለ በመዝገቡ ተጻፈ፤ መድኃኒቱም ቀረ።

በሚቀጥለው ረቡዕ ምስር ቀርቦ አገኘን። አክስታችን በማንኪያ ቀምሰው፣ ይህ የሕፃን ምግብ ነው ብለው ገፉት። እኅታችን በማግስቱ ከቤቷ በርበሬ በጠርሙስ አመጣች፤ ስማቸውና የክፍላቸው ቍጥር ተጽፎበት ከወጥ ቤቱ መደርደሪያ ተቀመጠ። ወደ አገራችን ልንመለስ በዋዜማው ሲመዘኑ አምሳ ኪሎ ሆነው ነበር። አጎታችን በስልክ ስለ ኪሎው ሲሰሙ ለጊዜው ዝም አሉ፤ ቀጥሎም በርበሬው ያገር ቤት መሆኑን ጠየቁን።